ስላቡ የት ገባ? የድንጋይ ቤት ሶፍትዌር ግምገማ ከአዳማ

መጀመሪያ ይህን ልበል፦ የሶፍትዌሩን ስም አልጽፍም። የማመሰግንበት ነገር አለ፣ የምወቅስበት ደግሞ አያንስም፣ ከደንበኛ አገልግሎታቸው ጋርም ሁለት ሦስቴ ተነታርኬያለሁ። ንዴቴን ስማቸው ላይ ለጥፌ መሄድ አልፈለግኩም። ደግሞም ለዚህ ሙያ የተሠሩት ፕሮግራሞች አጥንታቸው አንድ ነው፤ አንዱን ካወቃችሁ ሌላውን መገመት አያቅታችሁም።

ሥራዬ አዳማ ነው። አጎቴ የእምነበረድና የግራናይት ወርክሾፕ አለው፣ እኔ ቢሮውን እይዛለሁ። ቢሮ ስል ብዙ አትጠብቁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ በድንጋይ ዱቄት የነጣ ቬንትሌተር፣ አንድ መስኮት። በመስኮቱ ግቢው ይታያል፤ ቆመው የተደረደሩ ስላቦች (ገና ያልተቆረጡ ትልልቅ የድንጋይ ገበታዎች)፣ ትልቁ መቁረጫ ማሽን፣ እስከ ጉልበታቸው የረጠቡ ልጆች። አሥራ አንድ ሰዎች ነን። የኪችን ቶፕ፣ ደረጃ፣ የመስኮት ደፍ፣ ዞኮሎ (ግድግዳው ሥር የሚለጠፈው)፣ ሲገኝ ደግሞ የሆቴል ወለል እንሠራለን።

ሶፍትዌር የፈለግነው አንድ ስላብ ሁለቴ ስለሸጥን ነው።

አንዲት ደንበኛ ከእናቷ ጋር መጥታ ግማሽ ቀን ስላብ ስታይ ዋለች። በመጨረሻ አንድ ቡናማ ግራናይት መረጠች፣ መሃሉ ላይ ወንዝ የመሰለ ነጭ መስመር ያለው። «የኔ ይሄ ነው» አለች፣ ቀብድ ከፈለች፣ እናትየዋ ድንጋዩን መታ መታ አድርገው መርቀውን ሄዱ። በሳምንቱ ያ ስላብ ለሌላ ሰው ደረጃ ተቆርጦ አገኘነው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። አጎቴ አጀንዳው ላይ ጽፎታል። እኔም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ዋናው ቆራጫችን ደግሞ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ምንም አይጽፉም፤ ሁሉንም በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት። ከሦስቱ መዝገብ በጣም የሚታመነው እሱ ነበር፣ ግን በዚያ ሳምንት ጋሼ ለቅሶ ሄደው ስለነበር መዝገቡም አብሮ ሄደ። የተተኩት ልጆች ግቢ ወጥተው ቡናማ ስላብ ፈለጉ፣ አገኙ፣ ቆረጡ።

ደንበኛዋ ስትመጣ የነበረውን ፊት አልረሳም። ቀብዱን መለስን፣ ከላዩም ጨመርን፣ ግን እንደዚያ ዓይነት መስመር ያለው ስላብ ከየት ይምጣ? የተፈጥሮ ድንጋይ ነው፣ እንደ ሴራሚክ ካርቶን ከፍተህ ሌላ አታወጣም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ጀመርኩ። ለካ ለድንጋይ ቤት ብቻ ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር አለ፣ ያውም ከአንድ በላይ። የአሜሪካኖቹ ሞራዌር ከሚሸጣቸው ውስጥ ካውንተርጎ የሚባለው ቶፑን ስለህ ዋጋ የምታወጣበት ነው፣ ሲስተማይዝ የሚባለው ደግሞ፣ ድሮ ጆብትራከር ይባል የነበረው፣ ሥራው የት እንደደረሰ የምትከታተልበት ነው። ስላብስሚዝ ሌላ መንገድ ይዟል። የስላቡን ትክክለኛ ፎቶ አንስቶ የምትቆርጣቸውን ቁራጮች ፎቶው ላይ እንድትደረድራቸው ያደርጋል፣ የድንጋዩ መስመር ከመስመር ጋር እንዲገጥም። አየኋቸው፣ ወደድኳቸው፣ ዋጋቸውን ከእኛ ሥራ ጋር ሳወዳድረው ደግሞ ላፕቶፑን ዘጋሁት። በመጨረሻ አነስ ያለና ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እሠራለሁ የሚል አንድ ሌላ ገዛን። አሁን 14 ወር ሆኖናል።

ከጥሩው ልጀምር፣ ምክንያቱም ጥሩው በጣም ጥሩ ነው።

የስላብ መዝገቡ ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። እያንዳንዱ ስላብ ቁጥር አለው፣ ፎቶ አለው፣ ርዝመትና ስፋቱ፣ ውፍረቱ፣ ከማን እንደተገዛ፣ የት መደርደሪያ ላይ እንደቆመ ተጽፏል። ቀብድ ሲከፈል «ተይዟል» የሚል ቀይ ምልክት አደርግበታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያን ስላብ ለሌላ ሥራ ላስገባ ብል ፕሮግራሙ እምቢ ይላል። በቃ። ይሄው ነው። ሦስት መዝገብ አንድ ሆነ። ጋሼ ለቅሶ ቢሄዱም መዝገቡ ግቢ ይቀራል።

ግቢውን በሙሉ ፎቶ ለማንሳት አራት ቀን ፈጅቶብናል፣ ወደ 140 ስላብ ነበር። ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ 3 ሜትር በ1.80 የሆነ፣ 2 ሴንቲ ውፍረት ያለው ግራናይት 290 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ፎቶ ለማንሳት ከፊት ያለውን ማንሳት አለብህ፣ ከፊት ያለውን ለማንሳት ደግሞ ከሱ ፊት ያለውን። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። ግን በዚያ አራት ቀን ውስጥ የረሳናቸው 9 ስላቦች አገኘን፤ አንዱ አጎቴ «ተሰርቋል» ብሎ ሁለት ዓመት ሰው ሲያማበት የነበረው ነው። ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ቆሞ።

ቁራጮችም አሉ። ድሮ ከትልቅ ሥራ የተረፈ 60 ሴንቲ በ1.80 ቁራጭ ጥግ ተደግፎ ሣር ይበቅልበት ነበር። አሁን እሱም ቁጥርና ፎቶ አለው። ሰው «ሁለት የመስኮት ደፍ ብቻ ነው የምፈልገው» ብሎ ሲመጣ አዲስ ስላብ አንነካም፣ ስልኬን አውጥቼ አሳየዋለሁ። ባለፈው አንድ ካፌ የጠረጴዛ ፊቶችን በሙሉ ከቁራጭ ሠራንለት፤ ሁሉም የተለያየ ቀለም፣ እሱ እንደውም ሆን ተብሎ የተደረገ አስመስሎት ተወደደለት።

ሁለተኛው ጥሩ ነገር የቆረጣ አደራደሩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆይ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡ የሚፈስበት ቀዳዳ እዚህ ነው።

ደረጃ እንውሰድ። መርገጫው 1.20 ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ስፋት። ስላቡ 3 ሜትር በ1.80። በእጅ ስታሰላው፣ 1.80 ለ30 ሲካፈል ስድስት፣ በርዝመቱ ሁለት፣ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ስትቆርጥ ከአንድ ስላብ 12 መርገጫ ይወጣል። 60 መርገጫ ካለ 5 ስላብ። አጎቴ ለዓመታት እንዲህ ነው ፕሮፎርማ ሲጽፍ የኖረው። ግን ዲስኩ ራሱ ድንጋይ ይበላል። የእኛ ማሽን ዲስክ በአንድ ቆረጣ 4 ሚሊ ይወስዳል፤ ስድስት ለማውጣት አምስት ጊዜ ትቆርጣለህ፣ 2 ሴንቲ ሄደ። የስላቡ ጠርዝም ሸካራ ስለሆነ ትንሽ ትንሽ ይላጫል። ስለዚህ በስፋቱ የሚወጣው አምስት ነው እንጂ ስድስት አይደለም። ከአንድ ስላብ 10። ለ60 መርገጫ ደግሞ 6 ስላብ። ፕሮፎርማው ላይ 5 ብለህ ጽፈሃል፣ ስድስተኛውን የሚገዛው ማን ነው? አንተ ነህ።

ሶፍትዌሩ የዲስኩን ውፍረት አንዴ ጠይቆኝ ከዚያ ወዲህ ራሱ ይቀንሳል። የመጀመሪያውን የደረጃ ሥራ ሳስገባ «6 ስላብ» ሲለኝ ስህተት መስሎኝ ሦስቴ ደገምኩት። አጎቴን ጠራሁት። አየው፣ ዝም አለ፣ ቆይቶ «እና እስከዛሬ…» ብሎ ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ መርገጫውን 29 ሴንቲ ብናደርገውስ ብለን ሞከርን። ስድስት ጊዜ 29 ማለት 174 ነው፣ የዲስኩ 2 ሲጨመር 176፣ ለጠርዝ 4 ሴንቲ ተረፈ። ስድስቱም ገባ። ባለቤቱንና መሐንዲሱን አነጋገርን፣ ተስማሙ፣ 5 ስላብ በቃ። ይህን ሁሉ ማድረግ የፈጀብኝ ሻይ እስኪፈላ ነው። በወረቀት ቢሆን ማንም አይሞክረውም ነበር።

ሦስተኛው፣ ውጭ አገር ሆነው እዚህ ቤት የሚሠሩ ደንበኞች። አዳማ ውስጥ ብዙ ናቸው። ሰውየው እዚያ ነው፣ ቤቱ እዚህ ነው፣ መሃል ላይ እህት ወይ አጎት ወይ ፎርማን አለ፣ ሁሉም የየራሱን ይናገራል። አሁን የመረጥንለትን ስላብ ፎቶ፣ ላዩ ላይ የኪችኑ ቅርጽ ተስሎ፣ ልክለታለሁ። ኤል ቅርጽ ያለው 3.20 በ1.90 ኪችን ከ3 ሜትር ስላብ ያለ መገጣጠሚያ አይወጣም፤ ይህን በቃል ስታስረዳ ሰው ያታለልከው ይመስለዋል። ፎቶው ላይ ሲያየው ግን ራሱ «መገጣጠሚያው ምድጃው ጋ ይሁን፣ እዚያ አይታይም» ብሎ ይጽፍልሃል። ከዚያ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ይጫናል። በኋላ «እኔ እንደዚህ አላልኩም» የለም።

ክብደትም ያሰላል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ቶፕ ስታወጣ ግን ትንሽ ነገር አይደለም። 3 ሴንቲ ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ 80 ኪሎ ይጠጋል። ድሮ ስንት ሰው እንደሚበቃ በዓይን ነበር የምንገምተው፣ መሃል ደረጃ ላይ ስንደርስ ነበር ስህተታችንን የምናውቀው። አሁን ቁጥሩን አይቼ አራት ነው ስድስት ነው እላለሁ፣ የተሸካሚውን ሒሳብም ፕሮፎርማው ላይ አስገባለሁ።

አሁን ወደ ምሬቱ።

ሰዓት። ይህ ፕሮግራም ቀኑ የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው ብሎ ያምናል። እኛ ደግሞ ጠዋት ነው የምንጀምረው። ከአንድ ውጭ ካለ ደንበኛ ጋር ገጠማው ጠዋት 2 ሰዓት ነው ተባብለን፣ እኔ በልማድ 2:00 ብዬ አስገባሁ። ፕሮግራሙ ራሱ ለደንበኛው ኢሜል ይልካል፣ ይህንንም እንደ ትልቅ ነገር ነው የሚያስተዋውቁት። ሰውየው ደወለ። «እህት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው ግራናይት የምትገጥሙልኝ? ጎረቤት ምን ይለኛል?» ሳቅን። ሁለተኛው ጊዜ ግን አላሳቀንም።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። ፎርማኑ በስልክ «ጥቅምት 8 ሳይቱ ዝግጁ ነው» አለኝ። እኔ ያን ቀን አምስት ሥራ እያስገባሁ ነበር፣ ጥቅምት ማለት ኦክቶበር ነው ብዬ ኦክቶበር 8 ላይ አስቀመጥኩት። ጥቅምት 8 ማለት ኦክቶበር 18 ነው። አሥር ቀን ቀድመን ድንጋይ ጭነን፣ አይሱዙ ተከራይተን፣ አራት ገጣሚ ይዘን ሄድን። ካቢኔቱ እንኳን አልተገጠመም። የግድግዳው ልስን ገና እርጥብ ነበር። ፎርማኑ እኛን ሲያይ ያበድን ነው የመሰለው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን 13 ወር ያለውን አቆጣጠር ጭራሽ የማያውቅ ካላንደር ውስጥ የጳጉሜን ቀጠሮ ስታስገባ ምን እንደሚሰማህ የቀመሰ ያውቀዋል። ለደንበኛ አገልግሎቱ ጻፍኩላቸው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ላይ አድርጊው አሉኝ። አድርጌዋለሁ እኮ! ችግሩ እሱ አይደለም ብዬ መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው መጥቶ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ላይ አድርጊው አለኝ።

ፊደሉ ደግሞ አለ። ስክሪኑ ላይ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ቆንጆ ሆኖም ይታያል። ፕሮፎርማውን ፒዲኤፍ አድርገህ ስታወጣው የደንበኛው ስም ባዶ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። የመጀመሪያውን ሳላይ ለአንድ ትልቅ ሰው ሰጠኋቸው፣ መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን አገላብጠው «ልጄ፣ ይሄ የኔ ስም ነው ወይስ የደረጃው ስዕል?» አሉኝ። አሁን ስሙን በላቲን ፊደል ነው የምጽፈው፤ አንዱ ቀን አንድ ስም በአንድ ዓይነት፣ ሌላ ቀን በሌላ ዓይነት፣ ከዚያ ስፈልገው አላገኘውም። በዚያ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ካልሞላህ አያሳልፍህም፣ ዝርዝሩንም በእሱ ነው የሚደረድረው። ስለዚህ ደንበኞቼ በሙሉ በአባታቸው ስም ተሰልፈዋል። ደንበኛን በአባቱ ስም የሚፈልግ ሰው አዳማ ውስጥ ካለ ይንገረኝ።

አድራሻም እንደዚያው። የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፖስታ ኮድ ይላል። የእኛ አድራሻ «ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከፋርማሲው ወረድ ብሎ፣ አረንጓዴ በር» ነው። ፖስታ ኮዱን አራት ዜሮ እሞላለሁ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ቴሌግራም ከሱ ይሻላል፤ ደንበኛው ያለበትን ሎኬሽን ይልካል፣ ሹፌሩ ይከተለዋል፣ አለቀ።

መለኪያው ሲመጣ በኢንች ነበር የተዘጋጀው። ወደ ሜትር ይቀየራል፣ ቀየርኩት፣ ግን የሆነ የቆረጣ ወረቀት ላይ ብቻ ኢንቹ ተደብቆ ቀርቶ 60 ሴንቲ የነበረው 23.62 ሆኖ ወጣ። ጋሼ ወረቀቱን ይዘው ቢሮ መጡ። «ይሄ የጫማ ቁጥር ነው?» ደግነቱ ጋሼ ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን በ23 ሴንቲ ይቆርጠው ነበር።

ስለ ጋሼ ካነሳሁ አይቀር። ሻጮቹ ታብሌት ግቢ ውስጥ ስቀሉ፣ ቆራጩ ሥራውን እዚያ ላይ ያያል፣ ሲጨርስ ይጫነዋል ይላሉ። ሰቀልን። ግራናይት በውሃ ነው የሚቆረጠው፣ መቆረጥም ያለበት እንደዚያ ነው፤ ውስጡ ሲሊካ አለው፣ በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሳው ዱቄት ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ቆራጭ ማለት ከጠዋት እስከ ማታ እጁ እርጥብ የሆነ፣ ጣቱ ላይ ነጭ ጭቃ ያለበት ሰው ነው። ታብሌቱ እርጥብ ጣት አይሰማም። ጋሼ አንዴ ነኩት፣ ሁለቴ ነኩት፣ ሦስተኛውን ገፋ አደረጉት፣ ከዚያ ዞረው ሄዱ። በወሩ የታብሌቱ ቻርጅ መሰኪያ በጭቃ ተደፈነ። አሁን የቆረጣውን ወረቀት አትሜ ፕላስቲክ ውስጥ ከትቼ እሰጣቸዋለሁ፣ ሲጨርሱ በመስኮቱ «አለቀ!» ይሉኛል፣ እኔ እጫናለሁ። የስላብ መለያ ስቲከሩም አልበረከተም። አዳማ ፀሐዩ ይታወቃል፣ ነፋሱ ደግሞ ኮረብታው ላይ ተርባይን የሚያዞር ነው፣ ውሃውም ተጨመረበት፤ ሦስት ሳምንት አይቆይም። ቁጥሩን በዘይት ቀለም ጠርዙ ላይ መጻፍ ያሳሰቡኝ ጋሼ ናቸው። እሱ እስካሁን አለ።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል ለምትሉ፣ ማሽኑም ስለሚቆም እኩል ነን። ኔትወርክ ሲጠፋ ነው ጉዱ። ሁሉ ነገር ያለው ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ የስላቡን ፎቶ መክፈት አልችልም። ስልኬ ላይ ለብቻው የተያዙ ስላቦችን ዝርዝር ሁልጊዜ ማታ ፎቶ አንስቼ አስቀምጣለሁ። የሶፍትዌሩን ሥራ እኔ እየሠራሁለት ነው ማለት ነው፣ ግን ምን ይደረግ።

ፕሮፎርማው ላይ 15 በመቶ ቫቱን በትክክል ያሰላል፣ ቀብድና ቀሪ ይለያል፣ እዚያ ላይ ቅሬታ የለኝም። ደረሰኙን ግን የምናወጣው ከካሽ ሬጅስተር ማሽን ነው፣ ሶፍትዌሩ ከማሽኑ ጋር አይነጋገርም፣ ስለዚህ ሽያጩን ሁለቴ ነው የምጽፈው። የድንጋይ ዝርዝሩም ከጣሊያንና ከብራዚል ጀምሮ መቶ ዓይነት ስም አለው፣ የእኛን አገር አያውቅም። የዳለቲን እምነበረድ፣ የባቢሌን ግራናይት ራሴ ነኝ ያስገባሁት። የአምቦ ድንጋይን ግን ላስገባው ብል ጭራሽ አልሆነም፤ እሱ በስላብ አይመጣም፣ ቁራጭ በቁራጭ ተገጣጥሞ በካሬ ነው የሚሸጠው፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ስላብ የሌለው ድንጋይ አይገባውም። በደብተር ነው የያዝኩት።

ክፍያ። በወር 120 ዶላር ነው የተስማማነው፣ ውጭ ያለ ወንድሜ በካርዱ ይከፍላል፣ እኛ እዚህ ለእናታችን እንሰጣለን። ዋጋውን መጀመሪያ ያየሁት ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ሳለ ነው፤ በወር 7 ሺህ ብር አይሞላም ብዬ ለአጎቴ የነገርኩት ያኔ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፣ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብር አለፈ። ለመግዛት ስንወስን ዋጋው ከ12 ሺህ በላይ ሆኖ ነበር፣ አጎቴ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው አሁንም ያ 7 ሺህ ነው። ወር በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይደነግጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ግልጽ ይሁን። ሶፍትዌሩ አይለካም። የሚለካው ሰው ነው። ግድግዳው ስኳድራ (ማዕዘኑ ቀጥ ያለ) ካልሆነ፣ የእኛ አገር ግድግዳ ደግሞ ስንቱ ነው ስኳድራ የሆነው፣ ሜትሮ ይዘህ ሁለት ቁጥር ብቻ ወስደህ ከመጣህ ፕሮግራሙ ያን የተሳሳተ ቁጥር በሚያምር መስመር ስሎ ይሰጥሃል። ጋሼ ማዕዘን ላይ ካርቶን ዘርግተው ቅርጹን በእርሳስ ይወስዳሉ። ካርቶኑ ተጣሞ ከሆነ ግድግዳው ተጣሟል ማለት ነው። እኔ ከካርቶኑ ላይ ለክቼ ነው የማስገባው። በ14 ወር ውስጥ በልክ ስህተት የተበላሹብን ሁለት ቶፖች ናቸው፣ ሁለቱም ደንበኛው «እኔ ለክቼዋለሁ፣ ይኸው» ብሎ ቁጥር በስልክ የላከባቸው ናቸው።

ለማን ይሆናል? ግቢያችሁ ውስጥ 20 እና 30 ስላብ ብቻ ካለና ሥራው በሳምንት አንድ ሁለት ከሆነ አትግዙ። ስልካችሁ ላይ የፎቶ አልበም ክፈቱ፣ ስላቡ ላይ በዘይት ቀለም ቁጥር ጻፉ፣ አንድ ደብተር ብቻ ይኑራችሁ። የሶፍትዌሩን ግማሽ ጥቅም በነጻ ታገኛላችሁ። ከመቶ በላይ ስላብ ካላችሁ፣ ደረጃና ፎቅ የምትሠሩ ከሆነ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውጭ ያለ ደንበኛ ካላችሁ ግን ይከፍላል። እኛን ከፍሎናል።

እኛ አሁን ያደረግነው እንዲህ ነው። የቀጠሮ ክፍሉን ትተነዋል። ገጠማ በሙሉ ቢሮው ግድግዳ ላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ በእኛ ቀንና በእኛ ሰዓት ይጻፋል። አምስት ተጠቃሚ የነበረውን ወደ ሁለት አወረድን፣ ክፍያው ወደ 75 ዶላር ወረደ። የስላብ መዝገቡንና የቆረጣ አደራደሩን ግን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

ልትሞክሩ ካሰባችሁ አብዛኞቹ ለተወሰነ ቀን በነጻ ያስሞክራሉ። በዚያ ጊዜ የእነሱን ምሳሌ አትንኩት። የራሳችሁን አንድ ደረጃ፣ ሠርታችሁ የጨረሳችሁትንና ስንት ስላብ እንደበላ የምታውቁትን አስገቡ፣ የዲስካችሁን ውፍረት ሙሉ፣ ቁጥሩ ይገጥም እንደሆነ እዩ። ከዚያ በአማርኛ የደንበኛ ስም ጽፋችሁ ፕሮፎርማ አትሙ። ወረቀቱን ለትልቅ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት።